እጅሽ ሀዋን ሀዋን ይሸታል

ሂክማ ወደ ሳዑዲ ስትነሳ የሐርቡ ሰው ሁሉ የሰጣት አደራ አንድ ነው፦ «መካ ስትደርሺ ዱዓ አድርጊልኝ።» ጎረቤቷ ለጉልበቷ፣ አክስቷ መውለድ ላቃታት ልጇ፣ ባለሱቁ አህመዲን ደሞ ለምን እንደሆነ እንኳን ሳይናገር «ለኔም፣ ለኔም!» እያለ እስከ መኪናው ድረስ ሸኝቷታል። በሐርቡ ሰው ሐሳብ ሪያድና መካ ማለት ሐርቡና ኮምቦልቻ ናቸው። ጠዋት ባጃጅ ትይዣለሽ፣ ሰግደሽ ለምሳ ትመለሻለሽ። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እንኳን መካ፣ ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ድረስም ካለ ማዳሟ ፈቃድ እንደማትሄድ ማን ያስረዳቸው? ሂክማ ሞክራለች። በተለይ እናቷን።

«ሄድሽ?» ትላታለች እናቷ በስልክ፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«አልሄድኩም እማ።»

«እስካሁን? እዛው ተቀምጠሽ?»

«ሩቅ ነው እኮ እማ።»

«ሳዑዲ አይደለሽም እንዴ ልጄ?»

እዚህ ላይ ምን ይባላል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር ቁጭ ብላ ካዕባን የምታየው በማዳም ሳሎን ቴሌቪዥን ነው፤ እሱንም አቧራውን ስትወለውል። ሌላ ምኞት የላትም ማለት አይደለም። ከፈጅር በኋላ ተመልሶ መተኛት ያምራታል፣ ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ ያምራታል። አንደኛው ግን እሱ ነው፦ ያንን ጥቁር ቤት በዓይኗ አይታ፣ የሐርቡን ሰው ስም አንድ በአንድ ጠርታ፣ ከዛ ለእናቷ ደውላ «ሄድኩ እማ» ማለት።

የምትሠራበት ቤት ከማዳም ባል ወንድም ቤት ጋር ጎን ለጎን ነው። መሀላቸው ረጅም አጥር አለ፣ አጥሩ ላይ ደሞ አንዲት ትንሽዬ የብረት በር። በበሯ የሚያልፈው ሳህን ነው። ዛሬ ከዚህ ከብሳ ሩዝ ይሄዳል፣ ነገ ከዛ ጣፋጭ ይመጣል፤ ሳህን ባዶውን መመለስ በነዚህ ሰዎች ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፣ ምንም ከጠፋ ሁለት ፍሬ ቴምር ጣል ይደረግበታል። ሳህኑን የሚቀባበሉት በዚህ በኩል ሂክማ፣ በዛ በኩል ሀዋ ናቸው።

ሀዋም የሐርቡ ልጅ ናት። እናቶቻቸው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። በአንድ አውሮፕላን ነው የመጡት፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሀዋን ሲያስመልሳት ፌስታሉን የያዘችላት ሂክማ ነበረች። ከዛ በኋላ በአንድ አጥር መገናኘታቸውን ሁለቱም እንደ ተአምር ነው የሚቆጥሩት። ልዩነታቸው ሀዋ አፍ አላት። ዓረብኛውን እንደ ውሃ ጠጣችው፤ ከማዳሟ ጋር ስትከራከር ብትሰሟት እዛው የተወለደች ነው የምትመስላችሁ። የሂክማ ዓረብኛ ግን ከወጥ ቤት አልወጣም፦ አምጪ፣ አንሺ፣ አጽጂ፣ ኸላስ፣ በቃ።

አበባው የመጣው በማዳም ምክንያት ነው። ማዳም ስናፕቻት ላይ አንዲት ሴት ከአበባ የፊት ቅባት ስትሠራ አየችና ሱወይዲ ገበያ ሄዳ ዘሩን በፓኬት ገዛች። ፓኬቱ ላይ ብርቱካንማ አበባ ተስሏል፣ ስሙ ካሌንዱላ። ማዳም ለአንድ ሳምንት ያህል አበባ ወዳድ ሆነች። ጓንት ሁሉ ገዛች። ከዛ ስናፕቻቱ ስለ ሌላ ነገር አወራና ፓኬቱን ለሂክማ ወርውራ «ኸላስ፣ አንቺ ዝሪው» አለቻት።

ሂክማ የገበሬ ልጅ ናት፤ አፈር ካየች እጇ አያርፍም። ፓኬቱን ስትከፍት ግን ሳቀች። ዘሩ ዘር አይመስልም፤ የተቆረጠ የእግር ጥፍር ነው የሚመስለው፣ ጥምዝምዝ ያለ። ሙቀቱ ረገብ ሲል በአጥሩ ሥር ያለችውን ጠባብ መሬት ቆፈረች፣ ድንጋዩን ለቀመች፣ የበግ ፍግ ደባለቀች፣ ዘሩን ጣት ጫፍ በማይሞላ ጥልቀት ቀበረችው። ወጣ። ቅጠሉ ሲነካ ያጣብቃል፣ ሽታው ደሞ ሽቶም አይደል መድኃኒትም አይደል፣ መሀል ላይ ያለ ነገር። መጀመሪያ ያቆጠቆጠውን እንቡጥ ሂክማ በጥፍሯ ቀነጠሰችው። ሀዋ በትንሿ በር አጮልቃ እያየች ነበር።

«ምነው አበድሽ እንዴ! ስንት ጠብቀሽው!»

«ዝም በይ፣ አናቱ ካልተቆረጠ ወደ ጎን አይሰፋም።»

እውነትም ሰፋ። ብርዱ ሲገባ አጥሩ ሥር ብርቱካንማ ሆነ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይፈካል፣ ማታ እንደ ሰው ፊቱን ይከድናል። ሂክማ በየጠዋቱ የፈካውን ትቆርጣለች፤ በቆረጠች ቁጥር ሌላ ያወጣል፣ ከተተወ ግን ዘር አዝሎ ያቆማል። የቆረጠችውን ጣሪያው ላይ፣ ከተሰጣው ልብስ ሥር በጥላ ታደርቀዋለች። በደንብ ሲደርቅ፣ ሲነኩት ኮሽ ኮሽ ሲል፣ በጠርሙስ አድርጋ የወይራ ዘይት ትሞላበትና ሙቅ ቦታ ታስቀምጠዋለች። ከሳምንታት በኋላ በነጠላ ጨርቅ ስታጠልለው ወርቅ የመሰለ ዘይት ይወጣል። መጀመሪያ የቀባችው የራሷን እጅ ነበር፤ በረኪና የሰነጣጠቀው እጇ አገገመ።

«ውይ ሂክምዬ፣ ለኛ አሮጊት ስጪኝ እስቲ» አለቻት ሀዋ። «ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ደም ይወጣዋል። ሌሊቱን ስታቃስት ነው የምታድረው።»

አሮጊቷ ኡሙ ሱልጣን ናት፣ የሁለቱ ወንድማማቾች እናት። ስኳር አለባት፣ ዓይኗም ከጥላ በቀር አይለይም። የምትኖረው ሀዋ ካለችበት ከትልቁ ልጇ ቤት ነው፤ ሂክማ የምታያት ዓርብ ዓርብ፣ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ሻይ ስትቀዳ ብቻ ነው። ሐርቡ ቢሆን «አንቱ» ትላት ነበር፤ ዓረብኛ ላይ አንቱ የለምና «አንቺ» ማለት እያፈረች ለመደች።

«ከኔ ነው በያት» አለች ሂክማ ዘይቱን በትንሽ ብልቃጥ ስታቀብላት።

«ሌላ ከማን ልላት?»

በማግስቱ ሀዋ እየሳቀች መጣች። «ወላሂ ወደደችው! "አላህ እጇን ከእሳት ያርቅላት" ብላ መረቀችሽ።»

ሂክማ ቀኑን ሙሉ ያንን እያሰበች ሳህን አጠበች። በሌላ ጊዜ ደሞ «እንደ ዘይቱ ሕይወቷን ያለስልስላት» ብላለች ተባለ። አንዴ «የእናቷን ዓይን በደስታ ይሙላው» ብላለች ተባለና ሂክማ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። እንግዲህ የብርዱን ወራት ሙሉ ብልቃጥ በትንሿ በር ይሄዳል፣ ምርቃት በትንሿ በር ይመጣል። ሂክማ በዛ ምርቃት ነው የምትውለው። ማዳም ስትጮህባት «እኔ እኮ የተመረቅኩ ነኝ» ትላለች በልቧ።

የዛኛው ቤት ቀለም ይቀባ ተባለና ኡሙ ሱልጣን ለጥቂት ቀን ወደ ሂክማ ቤት መጣች። ሂክማ ደስታዋ! ጠዋት አበባዋን ቆርጣ፣ እጇን እንኳን ሳትታጠብ፣ አሮጊቷ ሐውሹ ላይ፣ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ብልቃጡን ይዛ እግሯ ሥር ቁጭ አለች። ተረከዟን ስትይዘው ድኗል፣ ለስልሷል። ኡሙ ሱልጣን ጎንበስ አለችና የሂክማን እጅ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ሱብሃነላህ» አለች። «እጅሽ ሀዋን ሀዋን ይሸታል።»

ሂክማ አልገባትም።

«የሀዋን ዘይት ነው የምትሸቺው። ላንቺም ሰጠችሽ? እሷ እኮ ያልሰጠችው የለም። ያቺ ልጅ እግሬን ከመቆረጥ ነው ያዳነችው። በሻዕባን፣ ረመዳን ሳይገባ፣ ለዑምራ ስሄድ እሷን ነው ይዤ የምሄደው። እግሬን የጠገነች ልጅ፣ እግሬን ይዛ ካዕባን ትዙር ብያለሁ።»

ዓረብኛዋ ከወጥ ቤት አልወጣም ብያችሁ አይደል? ይሄን ግን ቃል በቃል ሰማችው። መቀባቷን ተወች። «ምነው አቆምሽ፣ ያላ» አለቻት ኡሙ ሱልጣን።

ሂክማ ጨርሳ ትንሿን በር ደበደበች።

«ምንድነው? ቀለም ቀቢዎቹ ምሳ እየጠበቁኝ ነው» አለች ሀዋ።

«ዘይቱን ማን ነው የሠራው?»

ሀዋ ሳቀች መጀመሪያ። «አንቺ ነሻ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ለአሮጊቷ ማን ሠራው አልሻት?»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «ሂክምዬ...»

«ሂክምዬ አትበይኝ! ማን አልሻት?»

«የመጀመሪያው ቀን ረሳሁት። ወላሂ ረሳሁት። ቀባኋት፣ እጄን ይዛ መመረቅ ጀመረች። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ስሜን ጠርቶ የመረቀኝ የለም፣ "አንቺ አህያ" ነው የምባለው። አንቺ ማዳምሽ ብትጮህም አትማታም። ያንን ምርቃት አቋርጬ "እኔ አይደለሁም" ልበላት?»

«አዎ!»

«አፌ እምቢ አለኝ።»

«አፍሽ? አንቺን አፍሽ እምቢ ብሎሽ ያውቃል? ያ ሁሉ ለኔ ያመጣሽልኝ ምርቃትስ? የእናቴ ዓይን ምናምን?»

ሀዋ መሬት መሬት አየች። «እሷ "አላህ ይስጥሽ" ነው የምትለው። ሌላውን... ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ከራሴ የጨመርኩት።»

ሂክማን መጀመሪያ የታወሳት ዑምራው አይደለም። ያለቀሰችው ነው የታወሳት። ለሀዋ ፈጠራ ነው ያለቀሰችው።

«ትነግሪያታለሽ።»

«እነግራታለሁ። ከመሄዳችን በፊት። በካዕባው ጌታ!»

በካዕባ ጌታ ሲማልላችሁ ምን ትላላችሁ? ሂክማም አመነች። ባይሆን ለጥንቃቄ ብላ ማዳምን ያዘቻት። ማዳም ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች።

«ማዳም፣ ዘይት የምሠራ እኔ፣ ታውቂያለሽ? ለማማ፣ ለአሮጊቷ፣ ንገሪ።»

«አውቃለሁ።»

«ንገሪያታ ታዲያ።»

«ነግሬያት አንቺን ይዛ ብትሄድስ?» ማዳም ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። «ረመዳን በር ላይ ነው፣ ለሳምቡሳው ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ልጠቅልለው? ኸላስ ያ ሂክማ፣ ሌላ ጊዜ።»

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሀዋ በበሯ መጣች፣ በእጇ ጠርሙስ ይዛ። የራሷን ዘይት ልትሠራ ሞክራ ኖሯል፤ በሳህን ሰበብ ስትገባ አበባውን ከአጥሩ ሥር ቀጥፋ፣ ሳታደርቅ፣ እርጥቡን ዘይት ውስጥ ከታዋለች። አናቱ ላይ ግራጫ ሻጋታ ሠርቶ፣ ሽታው አፍንጫ ይነቅላል።

«ለመንገድ አንድ ብልቃጥ ስጪኝ» አለች፣ ጠርሙሱን ከኋላዋ ለመደበቅ እየሞከረች። «ሐረም ላይ፣ መስጊዱ ውስጥ፣ ብዙ ይኬዳል፣ እግሯ...»

«ነገርሻት?»

«ስንነሳ። በአላህ፣ መኪናው ጋ፣ አንቺም ባለሽበት።»

ሂክማ ሰጠቻት። ተረከዙ የሀዋ አይደለም፣ የአሮጊቷ ነው። ደሞም መኪናው ጋ ተብሏል።

የመሄጃው ቀን በሩ ላይ ሰው ሁሉ ወጣ። ኡሙ ሱልጣንን ከዊልቸሯ አንስተው መኪናው ውስጥ አስቀመጧት። ሀዋ አዲስ ዓባያ ተገዝቶላታል፣ እጅጌው ላይ ጥልፍ ያለው። ዊልቸሩን አጠፈች፣ ሻንጣውን ጫነች፣ ውሃውን አስተካከለች፤ ሂክማ ያለችበትን ብቻ አታይም። በሩ ሊዘጋ ሲል ሂክማ ተስፈንጥራ በሩ ጋ ደረሰችና ባላት ዓረብኛ ሁሉ፣ «ማማ፣ ዘይት እኔ ሠራሁ። ሀዋ የለም። እኔ!» አለች፣ ደረቷን እየመታች።

አሮጊቷ ወደ ድምፁ ዞረች። «ምን ትላለች?»

ሀዋ በዛ እንደ ውሃ በሚፈስ ዓረብኛዋ፣ ፈገግ ብላ፣ «ልክ ናት ማማ፣ አበባውን ስለቅም ትረዳኝ ነበር። አላህ ይስጣት። መሄዱ አምሯት ነው፣ አትፍረጂባት» አለች።

«አይ ልጄ» አለች ኡሙ ሱልጣን ወደ ሂክማ እጇን ዘርግታ፣ «አትቅኚ። ያንቺም ቀን ይመጣል ኢንሻአላህ።» የተዘረጋችው እጅ የበሩን ጠርዝ ዳሰሰች። መኪናው ሄደ።

ከዛ ሀዋ ካዕባ ፊት የተነሳችው ፎቶ መጣ። ለሁሉም ነው የላከችው፣ ለሂክማም ጭምር፤ ከሁሉም አብልጦ ያናደዳት እሱ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደሞ እናቷ ደወለች።

«ሀዋ መካ ገባች! እናቷ ገበያ ላይ ከረሜላ በተነች፣ አልቅሳ አስለቀሰችን። እኔ ምን ልበል? ሰው ይጠይቀኛል እኮ። ጎን ለጎን አይደላችሁ እንዴ?»

«ነን እማ።»

«እና አንቺን ምን ያዘሽ? ሶላት ትተሻል እንዴ ልጄ? እውነቱን ንገሪኝ።»

ሂክማ ሁሉንም ልትነግራት ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ነገ ሁለቱ እናቶች ገበያ ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማ» አለች።

ሲመለሱ ሀዋ መጀመሪያ የመጣችው ወደ ትንሿ በር ነው። በእጇ የዘምዘም ውሃ ይዛለች።

«አሮጊቷ ናት የላከችልሽ። "ለሂክማ ስጫት" ብላ፣ በስምሽ ጠርታ።»

«ነገርሻት?»

ሀዋ ውሃውን ወደፊት ዘረጋች። «ካዕባ ፊት ልነግራት ነበር... ዱዓ አደረግኩልሽ። ላንቺም ለእናትሽም፣ በስማችሁ።»

«ስሜን አንዲት አጥር ማሻገር ያቃተሽ ልጅ» አለች ሂክማ፣ «አላህ ጋ አደረስሽልኝ?»

«ሂክምዬ፣ ውሃው እውነት ነው፣ በሞተችው አያቴ!»

«እሷ በእጇ ትስጠኝ።» በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ወረወረችው።

ረመዳን ገባ። አንድ ከሰዓት ኡሙ ሱልጣን ለፍጡር፣ ጾሙን አብራ ልትፈታ፣ ወደዚህኛው ቤት መጥታ ሐውሹ ላይ ተቀመጠች። ሂክማ እግሯን ልትቀባ ቁጭ እንዳለች አሮጊቷ፣ «ዘምዘሙን ጠጣሽው?» አለቻት።

ሂክማ ደነገጠች። እውነት ነበር ማለት ነው። ከዛ ሁሉ ውሸት መሀል እሱ አንዱ እውነት ነበር፣ እሱንም እምቢ ብላዋለች። «አልደረሰኝም» ማለት ትችላለች፤ ውሸት እንኳን አይደለም። በዛች ቃል ሀዋ ሌባ ትባላለች፣ ምናልባትም ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ቁጭ አለ። ጣፋጭ ነበር፣ እውነቱን እንናገር።

«አልተቀበልኩም» አለች።

«ዘምዘም እምቢ ይባላል?»

ሂክማ መልስ በመስጠት ፋንታ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ዊልቸሩን ገፍታ አጥሩ ሥር አደረሰቻትና ጣቶቿን አበባው ላይ አኖረቻቸው፣ ሙጫው እስኪያጣብቃቸው ድረስ። ከዛ የደረቀውን አበባ መዳፏ ላይ አስያዘቻት። ከዛ ዘይት የሚብላላበትን ጠርሙስ አሸተተቻት። መጨረሻ ላይ የራሷን እጅ ሰጠቻት። ኡሙ ሱልጣን አበባውን አሸተተች፣ እጇን አሸተተች፣ ደግማ አበባውን።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ። መኪናው ጋ።»

አሮጊቷ አንገቷን ደፋች። ሀዋ ያኔ ያለቻትን እያስታወሰች መሆኑ ያስታውቃል። ቀና ብላ ምን አለች መሰላችሁ?

«ስምሽ ማን ነበር?»

በስምሽ ጠርታ ተብሎ አልነበር? የሀዋ እውነት ራሱ ግማሹ ፈጠራ ነው።

«ሂክማ» አለች ሂክማ።

ኡሙ ሱልጣን ሁለት እጇን ከፍ አደረገች። «አላህ ይስጥሽ ያ ሂክማ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ የጠበቀችው ምርቃት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ጆሮዋ። የሀዋዎቹ ያምሩ ነበር። ሂክማ «አሚን» ልትል አፏን ከፈተች፣ «አሚን»ም አለች፣ ግን ለሌላ ሰው እንደተደረገ ዱዓ ነው ያለችው። አሮጊቷ እግሯን ዘረጋችላት፣ ሂክማም ቀባች።

ፍጡር ሊደርስ ጥቂት ሲቀር ትንሿ በር ተንኳኳች።

«ሂክምዬ! ሳህን!»

መቀርቀሪያውን ከፈተች። ሀዋ የሞላ ሳህን ይዛ ቆማለች፣ ትኩስ ሳምቡሳ፣ ከላዩ ላይ እንደ ድሮው ለሂክማ ብቻ የተለየች አንዲት ትልቅ። ሂክማ ተቀበለቻት። የትናንቱ የነሱ ሳህን ታጥቦ ከበሯ አጠገብ ባለው የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ቴምሩ አጠገቡ ነው። ሂክማ ቴምሩን አየችው፣ ሀዋም ከበሩ ላይ ሆና ቴምሩን ስታየው አየቻት።

ሳህኑን አነሳችና ባዶውን ሰጠቻት።